ዘይት የሚበላ የናፍጣ ሞተርና የሚዘጋ የጥቀርሻ ማጣሪያ
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ ለአባላት የሚደርሰው መኪና ሲኖር ነው። አንድ ፒክአፕ ብቻ ያለው ማኅበር መኪናው በሰኔ ወር ጋራዥ ከቆመበት የዘር ወቅቱ አብሮ ያልፍበታል። እኛ የአዝርዕት ባለሙያዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም ለመስክ ሥራ የምንገለገልበት መኪና በዚሁ ችግር ስለቆመብን ጉዳዩን ከሥሩ ለማጥናት ተገደናል።

የመኪናችን የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ጉልበቱም ቀነሰ። በአዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ ወዳለው አብነት ወስደን ጋራዥ አስገባነው። «ማጣሪያው ተዘግቷል» ተብሎ ወጥቶ ታጠበ፤ መብራቱም ጠፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ በራ። ቀጥሎ የተሰጠን ምክር ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማጣሪያ ገዝተን እንድናስገጥም ነበር። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ሹፌሩን ስንጠይቀው፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ከ1 ሊትር በላይ ዘይት ሲጨምር መቆየቱን ነገረን። ይህን በመዝገብ የያዘ አልነበረም። በሽታው የሞተሩ ነበር፤ መዝገብ ያለመያዙ ጥፋት ደግሞ የራሳችን።

1. ማጣሪያው ምን ይሠራል?

በጋራዦች «ዲፒኤፍ» የሚባለው የጥቀርሻ ማጣሪያ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገጠም፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ዕቃ ነው። በፋብሪካ ተገጥሞላቸው ለገበያ ከቀረቡት ቀደምት መኪናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፔጆ 607 ነው። አሮጌ መኪናዎች ይህ ማጣሪያ ስለሌላቸው በቅድሚያ መኪናው ማጣሪያ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማጣሪያው የሚይዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከናፍጣ የሚመጣ ጥቀርሻ ነው። ይህ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተቃጥሎ ይጠፋል። ሁለተኛው በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉ እንደ ካልሲየምና ዚንክ ካሉ ማዕድናት የሚቀር ዐመድ ነው። ዐመድ አይቃጠልም፤ በማጣሪያው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

2. ዘይት መብላቱ ማጣሪያውን እንዴት ይዘጋል?

ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ዐመድ የሚተው ዘይት እንውሰድ። 1 ሊትሩ ተቃጥሎ ሲያልቅ ከ8 እስከ 9 ግራም ዐመድ ይቀራል። ሞተሩ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር የሚበላ ከሆነ በ20,000 ኪሎ ሜትር ወደ 170 ግራም ይሆናል። 0.1 ሊትር ብቻ በሚበላ ሞተር ግን 17 ግራም ያህል ነው። ዐመዱ በሙሉ ማጣሪያው ላይ ባይደርስ እንኳ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ስለሆነም ሞተሩ ሳይጠገን አዲስ ማጣሪያ ማስገጠም፣ ሥሩ የታመመ ተክል ቅጠሉ ላይ መድኃኒት እንደመርጨት ይቆጠራል።

3. ዘይቱን መለካት

ሀ) መኪናውን ደልዳላ ቦታ ማቆምና ሞተሩን አጥፍቶ 10 ደቂቃ መጠበቅ።
ለ) ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት መሙላትና ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ።
ሐ) በየ200 ኪሎ ሜትሩ መለካት፤ የሚጨመረውን ዘይት በሊትር መመዝገብ።
መ) 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ መደመርና ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ማነጻጸር። የሚፈቀደው መጠን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ለአነስተኛ መኪናዎች አንዳንዱ እስከ 0.5፣ ሌላው እስከ 1 ሊትር ይፈቅዳል።

የዘይቱ መጠን የሚጨምርበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ ሞተሮች ጥቀርሻውን ለማቃጠል ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫሉ። መኪናው በመርካቶ መጨናነቅ ውስጥ አጫጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ማቃጠሉ ሳይፈጸም ይቋረጣል፤ ያልተቃጠለው ናፍጣም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ምክንያቱ እስኪታወቅና እስኪቀየር ድረስ ሞተሩን አለማስነሳት ነው።

4. ምልክቶቹና ምክንያቶቻቸው

ምርመራው ወጪው ከሚያንሰው ይጀመራል።

– መኪናው ባደረበት መሬት ላይ ዘይት ከታየ ፍሳሽ አለ፤ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ ይታያል።
– ሞተሩ እየሠራ በዘይት መሙያው በኩል ጭስ እየገፋ ከወጣ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቷል ወይም የፒስተን ፋሻዎች አልቀዋል። መተንፈሻውን ማጽዳት ስለሚቀል ይቀድማል።
– ከተርቦው በሚወጣው የአየር ቱቦ ውስጥ ብዙ ዘይት ከተገኘ የተርቦው ዘንግ መላወሱ ይመርመር። የእኛ መኪና ችግር ይኸው ነበር።
– ቆሞ አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ካሳየ የቫልቭ ጎማዎች ይጠረጠራሉ።
– ጭነት ሲይዝና ዳገት ሲወጣ ጭሱ ከበረታ ፋሻና ሲሊንደር ይጠረጠራሉ። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የሲሊንደሮቹ የእመቃ ግፊት ይለካ። በገጠር መንገድ ፋሻን ቶሎ የሚጨርሰው በተቀደደ የአየር ፊልትሮ የሚገባ አቧራ ነው።

ማጣሪያ ባለው መኪና ግን ጭስ ብቻውን አያስተማምንም። ደህና ማጣሪያ ጭሱን ሊደብቅ ይችላልና ሞተሩ ዘይት እየበላ የማርሚታው ጫፍ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ጫፉ በጥቀርሻ ከጠቆረ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ሆዱ ወጥቷል ማለት ነው። ስለሆነም ዋናው ማስረጃ የዘይቱ መዝገብ ነው።

5. ማሳሰቢያ

ማጣሪያው ላለው መኪና ዐመዱ አነስተኛ የሆነ፣ መመሪያ መጽሐፉ የሚያዘው ዘይት ብቻ ይጨመር። ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና በየጊዜው ወደ አውራ ጎዳና ወጥቶ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቆራረጥ ይነዳ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም የአየር ፊልትሮው ሲቆሽሽ ጥቀርሻው ቶሎ ይበዛል።

ማጣሪያውን ቀዶ ሆዱን ማውጣት መፍትሔ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። ጭሱን በቅድሚያ የሚተነፍሱት ሹፌሩና በመኪናው ዙሪያ ጭነት የሚያወርዱ አባላት ናቸው።

ማኅበራት ዛሬውኑ አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረ ዘይት በሊትር፣ የታየ ምልክት፤ አራት ዓምድ ይበቃል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የማኅበሩን የዘር መዝገብ ሲያዩ ይህንንም ይመልከቱ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ደብተሩ አብሮት ይግባ፤ ከማጣሪያው በፊት ሞተሩ እንዲመረመርም ይጠየቅ።