ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ችግኝ መደብ፦ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ አሸንዳ አሠራር

መግቢያ

በጎጆ ከተማና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። የጎመን ችግኝ ከዚህ ዝናብ እንዲጠቀም ሰኔ ላይ ለመዛወር መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ ዘሩ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል። ይሁን እንጂ የበልግ ዝናብ ስለሚቆራረጥ ቡቃያው በመደብ ላይ እንዳለ ሊደርቅ ይችላል። ከምንጭ በእንስራና በጀሪካን የሚመጣውም ውኃ ብዙ ጊዜ ከቤት ፍጆታ አይተርፍም። በዚህ ጽሑፍ የጣሪያን ውኃ በፕላስቲክ ቱቦ ማጠራቀሚያ ዘዴ እናቀርባለን።

የውኃው መጠን

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሰጣል። እያንዳንዱ የጣሪያ ክንፍ 15 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከውኃው አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለመሙላት 17 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይበቃል። የችግኝ መደብ በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ቢጠጣ፣ ሁለት በርሜል ውኃ ለ2 ካሬ ሜትር መደብ 40 ቀን ያገለግላል። ስለዚህ የመደቡን ስፋት በበርሜሉ ልክ መወሰን እንጂ፣ ሰፊ መደብ ዘርቶ ውኃ መፈለግ አይገባም።

አስፈላጊ ዕቃዎች (ለሁለት ክንፍ)

- 110 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ፣ 2
- ክርን መሰል መጋጠሚያ፣ 4፤ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ፣ 2፤ ክዳን፣ 3
- ማጣበቂያ፣ የብረት መጋዝ፣ የማይዝግ ሽቦ
- ንጹሕ በርሜል፣ 2

አሠራር

1. አንዱ ቱቦ በክር ተለክቶ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለት አሸንዳ ይወጣዋል።
2. አንድ ክዳን ለሁለት ተከፍሎ የአሸንዳዎቹ የላይኛ ጫፍ ይደፈንበታል።
3. አሸንዳው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በሽቦ ይንጠለጠላል። በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቱቦው በፀሐይ ስለሚለጠጥ ሽቦው አይጥበቅ፤ ምስማርም አይመታበት።
4. የታችኛው ጫፍ በክርን መሰሉ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ባለ ሦስት አፉ ይገጠማል።
5. ከባለ ሦስት አፉ ቀጥታ ወደ ታች 1 ሜትር ቱቦ ይወርዳል፤ ጫፉም ሳይጣበቅ በክዳን ይዘጋል። ይህ ቱቦ 8 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውኃ ያስቀራል። ሲሞላ ንጹሑ ውኃ በጎን አፍ፣ በሁለተኛው ክርን መሰል መጋጠሚያ በኩል ወደ በርሜሉ ይፈሳል።
6. በክዳኑ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ቱቦው ቀስ እያለ ይጎድልና ለሚቀጥለው ዝናብ ይዘጋጃል።

ጥንቃቄ

- ክዳኑ በየሳምንቱ ተከፍቶ ጭቃው ይጠረግ።
- ቱቦው ፀሐይ እንዳያደርቀውና እንዳይሰባበር ነጭ ቀለም ይቀባ።
- ቁርጥራጩ አይቃጠል፤ ጢሱ መርዛም ነው።
- የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ፈጽሞ አያገለግልም።
- በርሜሉ ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል ይከደን። ውኃው ሳይፈላ አይጠጣ።
- በርሜሉ ሞልቶ የሚፈሰው ውኃ ወደ ቦይ ይመራ። በተዳፋት ላይ የቤቱን መሠረትና የጓሮውን አፈር ይሸረሽራልና።

ማጠቃለያ

ሥራው ከበልግ በፊት፣ በየካቲት ቢጠናቀቅ የመጀመሪያው ዝናብ አያመልጥም። ክረምት ሲገባም ውኃው ሥራ አይፈታም፤ ጭቃ የሌለበት ስለሆነ የድንች በሽታ መከላከያ ለሚረጭበት መርጫ ይስማማል፤ አፍንጫውን አይደፍንም። መድኃኒቱ ግን በመርጫው ውስጥ እንጂ በበርሜሉ ውስጥ አይበጥበጥ። ዐቅም ያነሰው ገበሬ በአንድ ክንፍና በአንድ በርሜል፣ በ1 ካሬ ሜትር መደብ እንዲጀምር እንመክራለን።