በቤት ለሚያድሩ ዶሮዎች ተስማሚ ማደሪያ ስለ መምረጥ

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋ ቀበሌዎች ዶሮ ማርባት ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። እናት ዕንቁላሉን ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛለች፤ ለልጅዋም ደብተር ታወጣበታለች። ስለዚህ «ዶሮ አታርቡ» የሚል ምክር አንሰጥም። እዚህ ልንመረምረው የፈለግነው፥ ዶሮዎቹ ሌሊቱን የት ማደር ይገባቸዋል የሚለውን ነው።

በብዙ ቤት ዶሮ የሚያድረው ሰው በሚተኛበት ክፍል፥ በቆጥ ላይ ወይም በመደብ ሥር ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ በውጭ ሸለምጥማጥና ሌባ ያሠጋሉ፤ የደጋው ሌሊትም ብርቱ ብርድ አለው። ሆኖም ከዚህ ልማድ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም።

በዶሮ ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ዶሮዪቱ ራስዋ ጤነኛ መስላ ብትታይም ተሕዋስያኑን ልትበትን ትችላለች። የሚድህ ሕፃን ከወለሉ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃው እርሱ ነው። ተቅማጥ የሚደጋገምበት ሕፃን የበላው ምግብ ለሰውነቱ በሚገባ አይደርሰውም፤ እድገቱም ይጓተታል።

በአገራችን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ዶሮ ማርባት ከልጆች ቁመት መሻሻል ጋር ተዛምዶ ሲገኝ፥ ዶሮዎቹን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከቁመት ማነስ ጋር ተዛምዶ ተገኝቷል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይደርስ መጠንቀቅ አለብን።

ተስማሚ ማደሪያ ለመምረጥ የሚከተሉትን እንመልከት።

1ኛ/ ቦታው። ከሁሉ የሚሻለው ከመኖሪያው ቤት ውጭ ግድግዳውን ተጠግቶ የሚሠራ ትንሽ ቤት ነው። በሰቆጣ አካባቢ ድንጋይ አይታጣምና ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሩ ወደ መኖሪያው ክፍል አይከፈት፤ ሌሊት ግን በሚገባ ይዘጋ። የውጭ ቦታ የሌለው ሰው በግንብ ወይም በጭቃ ግድግዳ የተከለለና የራሱ የውጭ በር ያለው ክፍል ያዘጋጅ። ይህም ከመኝታ፥ ከምግብ ማብሰያና ከውኃ እንስራ የራቀ ይሁን።

2ኛ/ አየሩ። ከላይ በኩል ሸለምጥማጥ የማያሳልፉ ጠባብ የነፋስ ቀዳዳዎች ይተዉለት። ብርድን ለመከላከል ተብሎ ፈጽሞ ቢደፈን፥ የኩሱ ሽታና እርጥበት ዶሮዎቹን ራሳቸውን ያሳምማል።

3ኛ/ ስፋቱ። ለአንድ ዶሮ በቆጡ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ያስፈልጋታል። ቆጡ ከመሬት ከፍ ብሎ በቀላሉ የሚነሣ እንጨት ይሁን፤ ለመጥረግ ይመቻልና።

4ኛ/ ጽዳቱ። ወለሉ ላይ ደረቅ አመድ ወይም ጭድ ይነስነስ፤ ኩሱም በየጊዜው ተጠርጎ ከውኃ ምንጭና ከልጆች መጫወቻ ርቆ ይከማች። ከበሰበሰ በኋላ ለጓሮ አትክልት መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። የግድግዳው ስንጥቅ የተባይ መደበቂያ ስለ ሆነ በጭቃ ይመረግ ወይም ኖራ ይቀባ። የጠረገው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ሲታጣ በአመድ ይታጠብ። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር እንኳ ይህን ያህል ውኃ መቆጠብ አይገባም።

ጥንቸል ለማጫወቻ የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ቢኖርም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀትና እርጥበት ይጎዳታል። የሽቦ ወለል እግርዋን ያቈስላል፤ ስለዚህ ወለሉ የተደላደለና ድርቆሽ የተነጠፈበት ይሁን። በኋላ እግርዋ የምትቆምበት ቁመትና የምትደበቅበት ጥግም ያስፈልጋታል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሰውና እንስሳት ተለያይተው እንዲያድሩ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። ነገር ግን ትምህርቱ በቤት ካልተፈጸመ ፍሬ አይሰጥም። መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ የቤታቸውን ዶሮዎች ማደሪያ አይተው በደብተራቸው እንዲጽፉ፥ ከወላጆቻቸውም ጋር እንዲመካከሩ አድርጉ። አንድ ቅዳሜ በድንጋይና በጭቃ የምትሠራ ትንሽ ቤት ለታናሽ ወንድም ወይም ለታናሽ እኅት ጤና ትልቅ ጋሻ ናት።