ቀጋ፣ ጠምበለልና ጤና አዳምን በጓሮ ማራባት
(ለከላላና ለመካነ ሰላም አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት)

በከላላና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ጤና አዳም ለቡና፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ በጓሮ ይተከላሉ። ቀጋና ጠምበለል ግን በብዛት የሚገኙት በጫካና በአጥር ጥግ ነው። የፈለጋቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ከነሥራቸው ነቅሎ ያመጣቸዋል። ትልቅ ተክል ሲነቀል ሥሩ ስለሚቆረጥ አብዛኛው ይደርቃል፤ ጫካውም ይራቆታል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውንማ ጨርሶ መንካት አይገባም።

ቀጋ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል የበቀለ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው መዓዛ አለው፤ ንብም ይቀስመዋል። ፍሬው ይበላል፤ እሾሁ ከብት የማያልፈው አጥር ይሆናል።

የመደቡ ሥራ በሚያዝያ መጀመሪያ ይጀመራል። ውኃ በሚቀርብበት ቦታ እኩል አሸዋና የተነፋ አፈር ተደባልቆ መደብ ይዘጋጃል፤ በላዩ ላይ ዝቅተኛ የሣር ዳስ ይሠራል። ከቀጋ የአንድ ዓመት ዕድሜና የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተመርጦ በ20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣል። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር፣ የላይኛው ከእንቡጡ በላይ በስለታም ቢላዋ ይቆረጥ። ከላይ ካሉት ሁለት ቅጠሎች በቀር ሌላው ይወገድና ከቁራጩ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

ለጤና አዳም አበባ ያላወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ይበቃል። የሚቆርጠው ሰው ጠዋት ይሥራ፤ እጁንም ይታጠብ። ጭማቂው በቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፤ ውኃም ያስቋጥራል።

ጠምበለል ሐረግ ስለሆነ መቁረጥ አያስፈልገውም። በሰኔ ረጅሙን ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርጎ፣ ከአንጓው ሥር በጥቂቱ ልጦ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብሮ ድንጋይ መጫን ነው። ከእናቱ የሚለየው በሚቀጥለው ክረምት ነው። መቸኮል ያበላሸዋል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚሳሳቱበት ነገር እንምጣ። በሐምሌ በቀጥታ ሜዳ ላይ የተሰካ ቁራጭ በነሐሴ ይለመልማል፤ ይህም በሪፖርት ላይ «ጸደቀ» ተብሎ ሲቆጠር አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ቅጠል የወጣው ግንዱ ውስጥ በቆየው ምግብ ነው፤ ለሥር መውጣት ማስረጃ አይሆንም። ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል፤ ገበሬውም ሁለተኛ ችግኝ አይቀበልም። ስለዚህ ማኅበሩ ከማደሉ በፊት ከየመደቡ ሦስት አራት ቁራጭ በጥንቃቄ ቆፍሮ ይመልከት። ቢያንስ የጣት ርዝመት ያላቸው በርከት ያሉ ሥሮች ካልታዩ እደላው ይቆይ።

ሥር ያወጣው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት በብስባሽ በተዘጋጀ ጉድጓድ ይተከላል። ለአጥር የሚሆን ቀጋ በየግማሽ ሜትሩ ይተከል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከሚወርድባቸው ማታዎች በፊት ለጋ ችግኞች በገለባ ይሸፈኑ፤ ጠዋት ይገለጡ። የጸደቁት የሚቆጠሩት በጥር ነው።