ለጠላት የተሰጠ ቃል



ዛሬ የምናስታውሰው ከበድር ዘመቻ የቀሩ የሁለት ሰሃቦችን ታሪክ ነው። የቀሩት ፈርተው አልነበረም። ያስቀራቸው ለጠላት የሰጡት ቃል ነው።

ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ከአባታቸው ከሑሰይል (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና ሲጓዙ የቁረይሽ ሰዎች መንገድ ላይ ያዟቸው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ልትቀላቀሉ ነው ብለው ጠረጠሯቸው። አባትና ልጅ የምንሄደው ወደ መዲና ብቻ ነው ሲሉ መለሱ። ቁረይሾችም መዲና ሊገቡ፣ ነገር ግን ከነቢዩ ጎን ሆነው ላይዋጉ በአላህ ስም ቃል አስገብተው ለቀቋቸው።

ጊዜው 2ኛው ዓመተ ሂጅራ ነበር። ሙስሊሞቹ ከ300 ጥቂት የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ጠላት ወደ 1000 ይጠጋ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ሰው እንኳ ዋጋ አለው። ሁለቱ ግን ነቢዩ ዘንድ ቀርበው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲመለሱ አዘዟቸው፤ ለቁረይሾች የተገባውን ቃል እንደሚሞሉና በእነሱ ላይ የአላህን እርዳታ እንደሚለምኑ ነገሯቸው። ይህን ኢማሙ ሙስሊም ከራሳቸው ከሑዘይፋ ዘግበውታል።

ልብ በሉ! ቃሉ የተወሰደው ከተያዙ ሰዎች ነው። ኢማሙ ነወዊ ሐዲሡን ሲያብራሩ፣ ይህን ቃል መሙላት ግዴታ እንዳልነበረባቸው ጽፈዋል። ታዲያ ነቢዩ ለምን መለሷቸው? የእሳቸው ሰሃቦች ቃል ያፈርሳሉ የሚል ወሬ እንዳይዛመት ነው። ከሁለት ሰይፍ ይልቅ የሙስሊሞች ታማኝነት በለጠባቸው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በአቡ ዐዛ ታሪክ እናያለን። ይህ የቁረይሽ ገጣሚ በድር ላይ ተማረከ። ድሃና የሴቶች ልጆች አባት መሆኑን ተናግሮ ስለለመነ፣ ዳግመኛ ላይነሳባቸው ቃል ገብቶ ያለ ቤዛ ተለቀቀ። በዓመቱ ለኡሑድ ከጠላት ጋር ተመልሶ መጣ፤ እንደገናም ተያዘ። ያኔ ቃሉን የሚያምን አልነበረም፤ ሁለተኛ ምሕረትም አላገኘም።

ዛሬም ዓለም ይህን ጉዳይ በሕግ ደንግጎታል። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 21፣ ቃል ገብቶ የተለቀቀ ምርኮኛ ቃሉን በክብሩ እንዲጠብቅ ያዛል። የገዛ አገሩም ከገባው ቃል ጋር የሚጋጭ አገልግሎት እንዳትጠይቀው፣ እሱ ራሱ ላገልግል ቢል እንኳ እንዳትቀበለው ይከለክላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ይህን ከስምምነቱ ከ1300 ዓመታት በላይ ቀድመው በተግባር አሳይተዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ፦ ቃል የሚከበረው ለምንወደው ሰው ብቻ አይደለም። «እሱ ክፉ ነው»፣ «ሙስሊም አይደለም»፣ «እሱም አታሎኛል» ማለት ምክንያት አይሆነንም። ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶለት መክፈል የሚያቆም፣ ተበድሮ ስልክ የማያነሳ፣ ላያደርገው ወስኖ «ኢንሻአላህ» የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ ይማር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ስለ ቃል ኪዳን እንደምንጠየቅ አስጠንቅቆናል።

2ኛ፦ መልካም ሥራ ቃል ለማፍረስ ሰበብ አይሁን። በድር መዋል ታላቅ ክብር ነበር፤ ሁለቱ ግን ታዘው ቀሩ።

3ኛ፦ ቃሉን የሚጠብቅ አደራ ይሰጠዋል። በኸንደቅ ዘመቻ፣ በዚያ ብርዳማ ሌሊት፣ ወደ ጠላት ሰፈር ገብቶ ወሬ እንዲያመጣ የተመረጠው ማን ነበር? ሑዘይፋ ናቸው! ጠላትን እንዳይነካኩ ታዘው ነበር። አቡ ሱፍያንን በቅርብ አይተው ቀስታቸውን ደገኑ፤ ትእዛዙን ሲያስታውሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። በድር ላይ ለቃላቸው የቀሩት ሰው ኸንደቅ ላይም ያው ሰው ነበሩ።

ውድ ወጣቶች፣ ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንድ ነገር እናድርግ፦ ቃል ገብተን የረሳነውን አንድ ሰው አስታውሰን እንደውልለት። መሙላት ካቃተንም ደብቀን አንቅር፤ በግልጽ እንንገረውና ዐፍው እንጠይቀው።

አላህ ቃላቸውን ከሚሞሉት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።