የማይታየውን ጨረር በምን እናውቀዋለን?

ስለ መጠጥ ውሃ፣ ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት ስንጽፍ ዐይንና አፍንጫ ይረዱን ነበር። የጋማ ጨረር ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ቢያፈሉትም አይጠፋም።

ታዲያ ከቤት ንጽሕና ጋር ምን አገናኘው? በብራዚል፣ በጎያኒያ ከተማ፣ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የካንሰር ማከሚያ ዕቃ ለብረታ ብረት ገዢ ተሸጠ። በውስጡ ሲዚየም 137 የሚባል፣ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበረ። ቤተሰቡ ተከፋፈለው፤ ልጅም ተጫወተበት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። የገዢው ሚስት ተጠራጥራ ዕቃውን በከረጢት፣ በአውቶቡስ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ወሰደችው። ሊለካ የመጣው የፊዚክስ ባለሙያ መሣሪያውን ቢከፍተው ከልክ በላይ ስላሳየው «ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ።

በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ለብዙ ዓመት በኮባልት 60 ጋማ ጨረር ሲታከም ኖሯል። ስለዚህ መለኪያዎቹን ማወቅ ይጠቅመናል።

ጋይገር ቆጣሪ ጋዝ ያለበት ቱቦ ነው። ጨረር ሲነካው ጠቅ ጠቅ ይላል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ጋማ ሳይቆጠር ያልፈዋል፤ ጨረሩ እጅግ ሲበረታም አንዳንዱ ዓይነት ታፍኖ ዝቅተኛ ቍጥር ያሳያል። ይህ ክፉ ውሸት ነው። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ጨረር ሲያገኘው ብልጭ ይላል፤ ብዙ ይይዛል፤ የጨረሩን ጉልበት ስለሚለይም ከምን ንጥረ ነገር እንደ መጣ ይጠቁማል። እርጥበትና ግጭት ግን አይችልም። ከዚህ ይበልጥ የሚለየው ጀርመኒየም በብርቱ መቀዝቀዝ ስላለበት ከላቦራቶሪ ብዙም አይወጣ።

በሐዋሳ የራጅ ሠራተኛ ደረት ላይ የምትታየው ትንሽ ባጅ ደግሞ ሌላ ናት። ጋይገር በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን ጠብታ እንደ መስማት ነው፤ ባጅ ግን ከአሸንዳ ሥር እንደ ተቀመጠ ባልዲ የተጠራቀመውን ትይዛለች። በኋላ ስትሞቅ በተቀበለችው መጠን ብርሃን ትሰጣለች። እስከዚያ ዝም ናት፤ አታስጠነቅቅም። ጋውን ላይ ሰክቶ በር ላይ ሰቅሏት የሚውል ባልደረባ አይተናል፤ የተለካው እንግዲህ በሩ ነው!

የራጅ መሣሪያ ሲጠፋ ጨረሩም ይቆማል። የጋማ ምንጭ ግን ማጥፊያ የለውም። እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ቁራሌው ደጃፋችሁ ሲጣራ፣ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ለመጠኑ እጅግ የከበደ ወይም ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበት ብረት ብታገኙ አትክፈቱት፣ አትሽጡት፣ ተሸክማችሁም ወደ እኛ አታምጡት። ልጆቹን አርቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከትንሽ ምንጭ የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳልና። ከዚያ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ መለኪያው ወደ ዕቃው ይምጣ።