የልጆች ሽያጭና የወላጆች ድርሻ



የወጣቶች ማኅበር ለጉባኤ መንገድ፣ ለመዝሙር መሣሪያ ወይም ለችግረኞች መርጃ ገንዘብ ሲያስፈልገው፣ ልጆቻችን ዳቦ ቆሎ ወይም የጥልፍ ሥራ ይዘው ወደ ጎረቤት ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ የወላጅ ድርሻ ምንድን ነው? በዚህ ትምህርት ይህን እንመለከታለን።

በዚህ ዓይነት ሥራ ከታወቁት አንዱ የአሜሪካ የልጃገረዶች ስካውት ማኅበር ነው። በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በኦክላሆማ ግዛት በመስኮጊ ከተማ የነበሩ አባሎች ብስኩት ጋግረው በትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ሸጡ። በ1922 የማኅበሩ መጽሔት የብስኩቱን አሠራር ሲያወጣ፣ ስድስት ወይም ሰባት ደርዘን ለመጋገር የሚያስፈልገው ዕቃ ከ26 እስከ 36 የአሜሪካ ሳንቲም እንደሚፈጅ፣ አንዱ ደርዘንም ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ሊሸጥ እንደሚችል ገለጸ። በዚያ ዘመን ልጃገረዶቹ በየቤታቸው ይጋግሩ ነበር፤ እናቶችም በምክር ይረዷቸው ነበር።

እስቲ ይህን ሒሳብ ከልጆቻችን ጋር እንሥራው። ስድስት ደርዘን በ25 ሳንቲም ቢሸጥ 150 ሳንቲም ይገባል፤ የዕቃው ዋጋ 36 ሳንቲም ሲቀነስ 114 ሳንቲም ይተርፋል። ነገር ግን ማገዶውና የእናት ድካም በዚህ አልተቈጠሩም። በእኛም ቤት እናት ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ከሰሉን ሰጥታ ልጁ ሁሉን እንደ ትርፍ ቢቈጥር፣ ከገንዘቡ የሚበልጠው የእናቲቱ ስጦታ ነው። ልጁ ይህን ዐውቆ ያመስግን ዘንድ ይገባል።

እንግዲህ ርዳታ ልጁን ከሥራው የሚያስወጣ ሲሆን ርዳታ መሆኑ ይቀራል። አባት ዕቃውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ወስዶ ከበታቹ ላሉት ሲያቀርብ፣ እነርሱ አለቃቸውን ፈርተው ይገዛሉ። ይህም ግዢ አይደለም፤ ስጦታም አይደለም። እናትም ልጇ እንዳያፍር ብላ ሁሉን ራሷ ብትገዛ፣ ልጁ ያልሠራውን እንደ ሠራ ሆኖ በጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ለመስጠት የፈለገች እናት ገንዘቡን በግልጥ በራሷ ስም ብትሰጥ ይሻላል።

እውነተኛው ርዳታ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ከትንሹ ልጅ ጋር አብረን እንሂድ፤ በምሽት ብቻውን አንላከው። በደጅ ስንቆም ግን ልጁ ራሱ ይናገር። ሁለተኛ፣ አልገዛም ያለውንም ሰው አመስግኖ መመለስን እናስተምረው፤ እምቢታን በትሕትና መቀበል ከሽያጩ የማያንስ ትምህርት ነውና። ሦስተኛ፣ የወጣውና የገባው በደብተር ይጻፍ፤ ገንዘቡም በሁለት ሰዎች ፊት ተቈጥሮ ይረከብ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ መጠገኛ በሣጥን የተሰበሰበውን ገንዘብ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት እንደ ቈጠሩት በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 እናነባለን። ሐዋርያው ጳውሎስም የአብያተ ክርስቲያናትን ስጦታ ሲያደርስ፣ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲሆኑ አድርጓል። ታላላቆቹ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ልጆቻችን ይህን ልማድ ከአሁኑ ቢይዙ መልካም ነው።

የወጣቶች መሪዎች ሆይ፤ ብዙ የሸጠውንና ጥቂት የሸጠውን ልጅ በጉባኤ ፊት እያወዳደራችሁ አትጥሩ። ዘመዶቹ ሀብታሞች የሆኑለት ልጅ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ የድኻው ልጅ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ጥቂት ይዞ ይመለሳል። ጌታችን በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ሳለ የድኻይቱን መበለት ሁለት ሳንቲም እንዴት እንደ መዘነ አንርሳ።

ለውይይት፦
1. ልጃችን ከሽያጩ የሚማረው ምንድን ነው? እኛ ብንሸጥለትስ ምን ይቀርበታል?
2. በአክብሮት ወይም በፍርሃት ምክንያት እምቢ ሊለን የማይችል ሰው ማን ነው?
3. በማኅበራችን ገንዘቡን የሚቈጥሩት እነማን ናቸው?

ልጆቻችንን በእውነትና በትጋት እናሳድግ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።