የታነቀ ሰው አይጮህም

የዛሬው ጽሑፌ ምግብ ሲያንቅ ስለሚሰጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው።

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት የክፍላችን ልጆች የሽምብራ ቆሎ ወደ ላይ እየወረወሩ በአፋቸው ሲቀልቡ ነበር። አንዱ ልጅ ድንገት ዝም አለ። አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። እኛ የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ደግነቱ አንዲት መምህርታችን አይተው እየሮጡ መጡና ጎንበስ አድርገው ጀርባውን መቱት። በሦስተኛው ምት ቆሎው ወጣ። ልጁ ማልቀስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መምህርታችንም «የታነቀ ሰው አይጮህም፤ ለመጮህ አየር ያስፈልጋል» አሉን። ያስተማሩንን ላካፍላችሁ።

ለምን ያንቃል? በጉሯችን ውስጥ የምግብና የአየር መንገድ ጎን ለጎን ናቸው። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። እየሳቅን፣ እያወራን ወይም እየሮጥን ስንበላ ግን ምግቡ ወደ አየሩ መንገድ ሊገባ ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. «ታንቀሃል?» ብለን እንጠይቅ። መናገር ወይም በኃይል ማሳል ከቻለ እንዲያስል እናበረታታው። አንምታው፣ ውሃም አንስጠው።

2. መናገር፣ ማሳልና መተንፈስ ካቃተው አንድ ልጅ መምህር ለመጥራት ይሩጥ። ሌላው ልጁን ወደ ፊት ጎንበስ ያድርገውና በመዳፉ የታችኛው ክፍል ብራኳው መካከል 5 ጊዜ በኃይል ይምታው።

3. ካልወጣ ከኋላው ቆመን፣ አንድ እጃችንን ጨብጠን ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ አጥንት በታች እናድርግ። በሌላው እጃችን ይዘን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ እንሳብ።

4. እስኪወጣ ድረስ 5 ምት፣ 5 ስበት እያልን እንቀጥል። በዚህ መሃል ሌላ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ሆዱ የተሳበ ልጅ ቢሻለውም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።

ጥንቃቄ! የማይታየንን ነገር በጣት ለማውጣት አንሞክር፤ የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋል። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ደግሞ ሆዱን ፈጽሞ አንጫነውም። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን 5 ጊዜ መምታት፣ ከዚያ በአንድ እጅ መዳፍ የታችኛው ክፍል የደረቱን መሃል 5 ጊዜ መጫን ነው። ይህንን ለእናቶቻችን እንንገራቸው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን መጠንቀቅ ነው። ቁጭ ብለን፣ አላምጠን እንብላ። ለትንንሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ቆሎ፣ ለውዝና ከረሜላ አንስጥ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ግን ትንሽ ትንሽ ይሁን!

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል። ቆሎም ይበላል፤ ቁጭ ብሎ።

ሰላም ሁኑ!